በረኛውና አጥንት አልባው

ስሙን ያወጣለት ሚስማር የሚባለው ቀጫጫ ልጅ ነው። ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ ከረፍት መልስ፣ ከቤተ ሙከራው ፊት ለፊት ያለው ደረጃ ላይ። ሚስማር በግራ እጁ የተገመጠ ብስኩት ይዞ ነበር፤ ፍርፋሪው ሹራቡ ላይ ተንጠባጥቧል። ይህን ሁሉ ዝርዝር በልብ ይዞ መዞር ምን ይጠቅማል የሚል አይጠፋም። እንዲህ የሚለው ግን በሰው ፊት ስም ወጥቶለት የማያውቅ ነው።

«አጥንት አልባው እየመጣ ነው፤ መንገድ ልቀቁለት» አለ ሚስማር።

ደረጃው ላይ የተቀመጡት ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። ሁለት ልጃገረዶች አፋቸውን በደብተር ሸፈኑ፤ መሸፈናቸው ከመሳቃቸው ባሰ። ልጁም አብሮ ሳቀ። ምን ያድርግ? ሚስማር የልብ ጓደኛው ነው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ነው ያደጉት። ሳቀና ግራ እግሩን እየጎተተ ደረጃውን ወጣ። የዚያን ቀን ትምህርት ግን በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ወጣ።

እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ ስሙ በረኛው ነበር። ግራ እግሩ በሕፃንነቱ በያዘው በሽታ ቀጥኖና አጥሮ ቀርቷል፤ ሌላው ልጅ እንደሚሮጠው አይሮጥም። ክንዶቹ ግን ረጃጅም ናቸው፤ ዓይኑም ኳስ ገና ሳትመታ ወዴት እንደምትሄድ ያውቃል። ጎል ላይ እሱ ከቆመ የተቃራኒው ቡድን ፊት ይጠቁራል። «በረኛው መጥቷል?» ተብሎ ይጠየቃል እንጂ ስለ እግሩ የሚያነሳ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ያንን ስም በችሮታ አላገኘውም፤ በገዛ እጁ፣ በተላጠ ክርኑ ያመጣው ነው። እሱ እንደዚያ ነበር የሚያምነው።

ከዚያ ማክሰኞ በፊት ባሉት ሳምንታት ግን አንድ ተከታታይ ፊልም መጥቶ ነበር። ቫይኪንጎች ስለሚባሉት፣ ከሺህ ዓመት በፊት ከሰሜን በመርከብ እየመጡ የሰው አገር ሲወሩ ስለነበሩት ሰዎች ነው። ክፍሉ ውስጥ ያላየው አልነበረም። ወንዶቹ እንደ ፊልሙ ጸጉራቸውን ጎንና ጎኑን ተላጭተው መጡ፤ በማግስቱ ዩኒት ሊደሩ ይዞ መሀሉንም አስላጫቸው። ፊልሙ ላይ አንድ የጦር አለቃ አለ፣ አጥንት አልባው ይሉታል። እግሮቹ አይታዘዙለትም። ዓይኑን ጥላሸት ተኩሎ፣ ጥርሱን እያፋጨ፣ በክርኑ እየተሳበ ነው የሚሄደው። ሲናደድ የእናቱን ልጅ እንኳ አይምርም። በዚያው ታሪክ የተሠራ ጌምም አለ። እዚያ ላይ ደግሞ አጥንት አልባው የመጨረሻው ሌቭል ላይ አድፍጦ የሚጠብቅ ጭራቅ ነው፤ እግሩ ብረት፣ ሳቁ የጅብ። እሱን ያልገደለ ጌሙን ጨረሰ አይባልም።

ከደረጃው ላይ የተነሳው ስም ሳምንት ሳይሞላው ግቢውን አዳረሰ። ከታች ክፍል ያሉ፣ አፍንጫቸውን መጥረግ ያልጨረሱ ልጆች ሳይቀሩ «አጥንት አልባው» እያሉ አልፈውት ይሮጣሉ። መሮጣቸው ነው የሚያናድደው፤ እንደማይደርስባቸው ያውቃሉ።

*

የወላጆች ቀን ሲቃረብ የታሪክ ክበቡ ድራማ እንዲያቀርብ ተወሰነ። ድርሰቱን የጻፈው ሚስማር ነው፤ ጻፈ ከተባለ፣ ከፊልሙ ላይ ነው የገለበጠው። ቫይኪንጎች ይመጣሉ፣ ወንድማማቾች በዙፋን ይጣላሉ፣ አጥንት አልባው እየተሳበ ዙፋኑ ዘንድ ይደርስና በእግሩ የሳቀበትን ወንድሙን ይገድለዋል። ሳቂው ወንድም ሚስማር ራሱ ነው።

«አጥንት አልባውን ማን ይሥራልን?» አለች የታሪክ አስተማሪዋ፣ ጠመኔ አንስታ ወደ ሰሌዳው እየዞረች።

ክበቡ በሙሉ አንገቱን አዙሮ አንድ ልጅ አየ።

«ይሄ ደግሞ ይጠየቃል እንዴ ቲቸር?» አለ ሚስማር። «እሱ እያለ! ልምምድ እንኳ አያስፈልገውም።»

አስተማሪዋ ፈገግታዋን ዋጥ አደረገች። «እሱ ራሱ ይናገር እንጂ። ምን ትላለህ፣ ደስ ይልሃል?»

ያን ጊዜ መቆጣት ነበረበት። አልተቆጣም። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረም እንጂ ምክንያት ነበረው። ፊልሙ ላይ በአጥንት አልባው የሚስቅ ሰው ክፍሉ ሳያልቅ ይሞታል። እየተሳበ ወደ አዳራሹ ሲገባ ጎራዴ የታጠቁት ጎረምሶች ግድግዳ ይለጠፋሉ። አንድ ጊዜ፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው እግሩን አይቶ ሲፈራ ማየት ፈለገ።

«እሠራለሁ» አለ።

ሚስማር አንገቱን አቅፎ ጸጉሩን አሸው። «ጀለሴ! ገና ስታር ትሆናለህ። አባቴም ለዚያ ቀን ከውጭ ይመጣል፤ ቪዲዮ እንዲቀርጸን አደርጋለሁ።»

በረኛው መሬት መሬት አየ። የሚስማር አባት ውጭ አገር አይደለም። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ሌላ ሚስት አግብቶ፣ ሌሎች ልጆች ወልዶ ይኖራል። አንድ ቀን ሁለቱ ልጆች በአውቶቡስ ሄደው በሩን አንኳኩተው ነበር። ሰውየው በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ሚስማርን ከላይ እስከ ታች አይቶ፣ «ሌላ ጊዜ» ብሎ ዘጋው። ሚስማር እስከ አውቶቡሱ ፌርማታ ድረስ አለቀሰ። «ለማንም ብትናገር…» አለ እንጂ አልጨረሰውም። በረኛው ለማንም አልተናገረም። ለእናቱ እንኳ።

*

አባቱ ጫማ ሰሪ ነው። የሚሠራበት ክፍል ከመኖሪያ ቤታቸው ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ቤቱ በሙሉ ማስቲሽና ቆዳ ይሸታል። በፊት ግን ትልቅ የጫማ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጣሪ ነበር። አንድ ዓርብ፣ ዝናቡ ስለበረታ ሠራተኛው ሁሉ ከጣሪያ ሥር በተሰበሰበበት፣ ሶሉ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚላቀቅ ለማስረዳት አፉን ከፈተ። የክፍሉ ኃላፊ፣ ቡናማ ማሰሪያ ያለው ሰዓት ያደርግ የነበረ ሰው፣ «አንተን የቀጠርነው ለእጅህ ነው፤ ጭንቅላትህን ቤትህ አስቀምጠህ ና» አለው። ሰው ሳቀ። አባቱ ምንም ሳይመልስ ወጣ፤ በዚያው ቀረ።

ልጁ ያኔ አልተወለደም። ቢሆንም የዚያን ሰዓት ማሰሪያ በገበያ መሀል ቢያየው የሚለየው ይመስለዋል። አባቱ ቆዳ ሲቆርጥ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ለኃላፊው ያልሰጠውን መልስ እየሰጠው ነው። መልሱ ከዓመት ዓመት እየተሻሻለ ይሄዳል። አንዳንዱ ቀልድ አለበት፤ አንዳንዱ አጭርና መራራ ነው።

«ተው እንግዲህ፤ ሰውየው ይሄኔ ሞቷል» ትለዋለች እናቱ።

«ቢሞትም መልሱን ሳይሰማ ነው የሞተው» ይላል አባቱ።

የልጁን ግራ ጫማ የሚሠራለት እሱ ነው። ሶሉን ከቀኙ አስበልጦ ያወፍረውና ውፍረቱ እንዳይታወቅ ጎኑን በጥቁር ቆዳ ይሸፍነዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጫማውን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ይዞት ይሄዳል፤ የቱ ጋ እንደተበላ አይቶ ልጁ በሳምንቱ እንዴት እንደተራመደ ይረዳል። ከፍ ማድረግ ያለበትን ከፍ ያደርጋል፤ ዝቅ ማድረግ ያለበትን ይሞርዳል። ልጁ እያደገ ስለሆነ ሥራው አያልቅም።

*

የመጀመሪያው ልምምድ ላይ በረኛው መድረኩ ላይ ተኛና በክርኑ ተሳበ። ጣውላው ቀዝቃዛ ነበር። ጥርሱን አፋጨ፣ ዓይኑን አፈጠጠ፤ ቤት ውስጥ መስታወት ፊት ሲለማመደው ራሱን አስፈርቶት ነበር።

ከወንበሮቹ መካከል አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሁሉም።

«ምን ያስቃችኋል? መፍራት ነው ያለባችሁ!» አለ ሚስማር፤ የራሱ ከንፈር ግን አልሰበሰብ ብሎታል። ስልኩን ከፍ አድርጎ ይቀርጽ ነበር። «እንደገና። አሁን እግርህን በደንብ ጎትተው፣ እንደማይሰማህ ሁን።»

«ይሰማኛል እኮ።»

«አውቃለሁ ባክህ። ድራማ ነው።»

እንደገና ተሳበ። በማግስቱም፣ በሳልስቱም። በእያንዳንዱ ልምምድ ሲነሳ አቧራውን እያራገፈ ነገ ይፈራሉ ይላል። ፊልሙ ላይ ያለው አጥንት አልባ ሙዚቃ አለው፤ ጭስ አለው፤ ሊሳቅበት ሲል ካሜራው ፊቱን ትቶ ወደ ጎራዴው ይሄዳል። እዚህ ጣውላና ወንበር ብቻ ነው ያለው።

ቅዳሜ አባቱ ጫማውን ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ። ከወትሮው ቆየ።

«ና እስቲ ወዲህ» አለ። «ተረከዙ ደህና ነው። የውጪው ጠርዝ እንደ ሁልጊዜው ተበልቷል። ይሄ ምንድን ነው?»

በአውራ ጣቱ የጫማውን ላይኛ ፊት፣ ጣቶች የሚሸፈኑበትን ቆዳ ዳሰሰ። ተፍቆ፣ ቀለሙ ለቆ ነጭ ሆኗል።

«ኳስ ስጫወት ይሆናላ፣ አባዬ።»

«የበረኛ ጫማ ጎኑ ነው የሚፋቀው። እኔ ላንተ ጫማ ስሠራ እዚህ ጋ ድርብ አድርጌ አላውቅም፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው እዚህ ጋ ቆዳ አይጨርስማ።»

ይሄኔ ታናሽ እህቱ ከጓዳ ወጣች። ነገሩን ጨዋታ ነው ያደረገችው።

«ጋሼ እንደዚህ ሆኖ ነው» አለችና ወለሉ ላይ ተዘርግታ፣ አንድ እግሯን እየጎተተች፣ በክርኗ ወደ አባቷ መሳብ ጀመረች። ዓይኗን አፍጥጣለች። «በጎረቤታችን በሮዚና ስልክ ላይ ቪዲዮው አለ። ሙዚቃ አለው። ሁሉም ይስቃል፣ እሱ ሲመጣ።»

እናታቸው ከበሩ ላይ «ተነሺ» አለቻት። ልጅቷ የሰውን ፊት አየችና ተነሳች፤ ምን እንዳጠፋች ግን አልገባትም።

አባቱ ጫማውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁጭ አለ።

«ድራማ ነው» አለ በረኛው። «ለወላጆች ቀን። ሰውየው እኮ አለቃ ነው፣ የጦር አለቃ። እግሩ አይሠራም ግን ሁሉም ይፈራዋል።»

«አለቃ መሬት ለመሬት ይሳባል?»

«ፊልሙ ላይ…»

«ሎሌ አጥቶ ነው? የሚሸከመው ሰው፣ የሚቀመጥበት በቅሎ የለውም አለቃው?» አባቱ ወስፌውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። «ማነው ያለህ? ያ ቀጫጫው ጓደኛህ ነው?»

«ማንም አላለኝም።»

«ስማኝ። እኔን አየኸኝ አይደል? ዝም ብዬ ወጣሁ። ያልመለስኩት ይኸው እዚህ ተቀርቅሮ ቀርቷል» አለና ጉሮሮውን ነካ። «አንተ ግን መልስ። የሚያመውን ፈልገህ መልስለት። ዝም ብለህ እንዳትወጣ።»

አባቱ የተፋቀውን ቆዳ በጥቁር ቀለም ሸፈነው፤ ቢሸፍነውም ጣት ሲያርፍበት ሻካራ ነበር።

*

ሰኞ ዕለት በረኛው አስተማሪዋን መምህራን ክፍል በር ላይ ጠበቃት። እርማት ይዛለች፤ ቀይ እስክሪብቶ ጆሮዋ ላይ ሰክታለች።

«ቲቸር፣ አጥንት አልባው እውነት እንደዚያ ነበር?»

«እንዴት?»

«እየተሳበ ነበር የሚሄደው?»

አስተማሪዋ ደብተሮቹን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠች። «እውነቱን ልንገርህ? አይታወቅም። ስለሱ የተጻፈው አብዛኛው እሱ ከሞተ ብዙ መቶ ዓመት ቆይቶ ነው። አንዱ የአጥንት በሽታ ነበረበት ይላል። ሌላው ሰውነቱ እንደ እባብ የሚተጣጠፍ ስለሆነ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ስሙ ጭራሽ የጸሐፊ ስህተት ነው ይላል። ሰዎች በጋሻ ተሸክመውት ወደ ጦርነት ይወጣ ነበር የሚል የቆየ ተረክም አለ። መሳቡን ግን እኔ አላነበብኩም፤ የፊልሙ ይመስለኛል።»

«የራስ ቁሩስ፣ ቀንድ ያለው? ሚስማር በካርቶን እየሠራው ነው።»

«እሱም ቢሆን። ጦርነት ላይ ቀንድ አድርገው እንደነበር የሚያሳይ ነገር አልተገኘም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

አስተማሪዋ እስክሪብቶውን ከጆሮዋ አውጥታ አገላበጠችው። ወጣት ናት፤ ፊቷ ላይ የመጣውን መደበቅ አልቻለችም። «ፊልሙ ከመምጣቱ በፊት የታሪክ ክበብ ውስጥ ማን ነበር? አንተና ሁለት ልጆች። አሁን ወንበር አይበቃም። ደስ ብሏቸው ከመጡ በኋላ ቀስ ብዬ አስተምራቸዋለሁ ብዬ ነው።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ያን ቪዲዮ ዛሬ ጠዋት ነው ያየሁት። ሚስማርን ላናግረው?»

«አይ፣ ይተዉት ቲቸር።» ለመሄድ ዞረና ተመለሰ። «እሱስ? ሰውየው ራሱ ራሱን ምን ብሎ ነበር የሚጠራው?»

«የጻፈው የለማ። የጻፉት ጠላቶቹና በዝናው የሚኩራሩ ሰዎች ናቸው። እሱን የጠየቀው የለም።»

ያቺን ቃል ይዟት ቤቱ ድረስ ሄደ። እሱን የጠየቀው የለም። ሺህ ዓመት ሙሉ አንዱ ከንፈሩ ላይ ጥርስ ይለጥፍበታል፣ አንዱ እግሩን ብረት ያደርግበታል፣ አንዱ መሬት ላይ አስተኝቶ ይጎትተዋል። ሰውየው መልካም ሰው ነበር ለማለት አይደለም፤ የሰው አገር ያቃጠለ ሰው ነው። ግን ቢያንስ መቀመጫ ነበረው ይሆናል።

*

የመጨረሻው ልምምድ የወላጆች ቀን ዋዜማ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ወንበሮቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረው መሀላቸው ረጅም መተላለፊያ ተትቷል። አስተማሪዋ የማይክሮፎን ገመድ ልታመጣ ወጥታለች። መድረኩ ላይ የክበቡ ልጆች የካርቶን ጋሻቸውን ይዘው ቆመዋል፤ የታች ክፍል ልጆችም ለማየት በር በሩን ይዘዋል። ሚስማር ቀንዱን አድርጓል። ቀንዱ ትልቅ ስለሆነ ራሱን ባነቃነቀ ቁጥር ወደ ዓይኑ ይወርድበታል።

«አንድ ሐሳብ አለኝ» አለ በረኛው። «ከምሳብ ይልቅ በጋሻ ተሸክማችሁኝ ብገባስ? ቲቸርንም ጠይቄያለሁ፣ እንደዚያ የሚል ተረክ አለ። ተቀምጬ እናገራለሁ። ወንድሜን ስገድለው ሳልነሳ ነው።»

«እኔ እሸከመዋለሁ» አለ ድቡልቡሉ፣ የክበቡ ወፍራም ልጅ። «እንጨት ጋሻ ከተገኘ።»

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ሚስማር። «ተቀምጦ የሚያወራ ቫይኪንግ ማን ያያል? ስብሰባ ነው እንዴ? ሰው የሚመጣው መሳቡን ሊያይ ነው። ቪዲዮውን ስንት ሰው እንዳየው ታውቃለህ? እንዲያውም ነገ ጫማህን አውልቀህ ነው የምትገባው።»

«ጫማዬን?»

«ቫይኪንግ ወፍራም ሶል አያደርግማ። እውነተኛ መምሰል አለበት።»

«ቀንድስ ያደርጋል?»

ድቡልቡሉ ሊያፍነው ቢሞክርም ሳቁ በአፍንጫው ወጣ። በር ላይ የነበሩትም ሳቁ፤ በዚያ ሰዓት ቀንዱ እንደገና የሚስማር ዓይን ላይ ወረደ። ሚስማር ወደ ላይ ገፋው። ጆሮው ቀልቷል። እሱ ላይ ሲሳቅ ይሄ የመጀመሪያው ነበር፤ አልለመደውም።

«አንተ ማነህና ነው እኔን የምታርመኝ?» አለ። ድምጹ ቀጥኗል። «ስም ያወጣሁልህ እኔ። አሁን ግቢው በሙሉ ያውቅሃል፣ በኔ ነው። ደግሞ በረኛ፣ በረኛ ትላለህ። በረኛ ያደረገህ ማን መሰለህ? ያኔ አንድም ሰው ቡድኑ ውስጥ አልፈለገህም። ‹ጎል ላይ ይቁም በቃ፣ ያሳዝናል› ብዬ ለምኜ ያስገባሁህ እኔ ነኝ። ጠይቃቸው።»

በረኛው ወደ ድቡልቡሉ ዞረ። ድቡልቡሉ የጋሻውን ጠርዝ እየላጠ ነበር፤ ቀና አላለም።

ሁሉም መልሱን ይጠብቃል። መልሱም ሩቅ አልነበረም፤ ምላሱ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ ቆሟል። ነገ አባትህ ስንት ሰዓት ይገባል፣ ከየትኛው አውሮፕላን ነው የሚወርደው፣ ወይስ እንዳለፈው በሩን ገርበብ አድርጎ ነው የሚያይህ? ይህችው ብቻ ትበቃ ነበር። ሚስማር ከነቀንዱ እዚያው ጣውላ ላይ በደረቱ ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ ማን እንደሚሳብ ይታያል። በር ላይ ያሉት ልጆች ስልካቸውን ይዘዋል። የሚያመውን ፈልገህ መልስለት ብሎታል አባቱ። መፈለግ አላስፈለገውም።

ሚስማርም ይህ ገባው። በረኛው አፉን ሲከፍት የሚስማር ፊት ከግንባሩ ጀምሮ ወደ ታች ቀለሙ ወረደ። ያን ፊት በረኛው ያውቀዋል። አንድ ጊዜ አይቶታል፣ የተዘጋ በር ፊት ለፊት።

አፉን ዘጋ። ጉሮሮው ውስጥ የሆነ ነገር ሲቀረቀር ተሰማው፤ አባቱ የሚለው ይሄ ይሆን ብሎ አሰበ፤ ይወርድ እንደሆነ ዋጥ አደረገው። አልወረደም።

የአጥንት አልባውን ካባ ከትከሻው አወለቀና አጥፎ የዙፋኑ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ጎንበስ ብሎ የግራ ጫማውን ክር አጠበቀ። ቀለም የተቀባችው ሻካራ ቦታ ጣቱን ነካችው።

ከመድረኩ ጀርባ ትንሽ በር አለ። ሁልጊዜ ከሰው ፊት ሲወጣ የሚመርጠው እሱን ነበር፤ ሁለት እርምጃ ሄደህ መጋረጃው ይሰውርሃል። ዛሬ ወደ እሱ አልሄደም። የፊቱን ደረጃ ይዞ፣ መደገፊያውን ጨብጦ ወረደና በወንበሮቹ መሀል ያለውን ረጅሙን መተላለፊያ ያዘ። ቀኝ እግሩ ያርፋል፤ ወፍራሙ ሶል ተከትሎ ወለሉን ይመታል። አልቸኮለም። ማነከሱንም ሊደብቀው አልሞከረም። በር ላይ የነበሩት የታች ክፍል ልጆች ለሁለት ተከፍለው ቆሙ፤ ልቀቁለት ያላቸው ሰው አልነበረም።

«አጥንት አልባው!» አለ ሚስማር ከኋላው። ቀልድ ለማስመሰል ሞክሮ ነበር፤ ድምጹ ግን መሀል ላይ ተሰበረ።

ወፍራሙ ሶል ወለሉን መታ።

«በረኛው… አንተ፣ በረኛው። ና እንጂ።»

ልጁ ሁለቱንም ስም ሰማ። ለሁለቱም አልዞረም። የአዳራሹን በር ሰፋ አድርጎ ከፈተና ወደ ግቢው ወጣ።